ከወለል በታች የተቀበረ ታንክ፦ የጀልባዬን የአሉሚኒየም ሰርባቶዮ የቀየርኩበት ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ2019 ሜሪላንድ ውስጥ የገዛኋት ጀልባ በ1999 የተሠራች፣ 21 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ገላዋ ፋይበር ግላስ የሆነ፣ ሞተሯ ከኋላ በውጭ በኩል የተንጠለጠለ፣ በቼሳፒክ ሰላጤ ዓሣ ለማጥመድ የምትመች ጀልባ ናት። ስገዛት ሞተሩን አስመርምሬ፣ ተጎታቹን አይቼ፣ ወለሉን በእግሬ እየረገጥኩ ፈትሻለሁ፤ ከወለሉ በታች የሚገኘውን፣ 60 ጋሎን ወይም 227 ሊትር ያህል ቤንዚን የሚይዘውን የአሉሚኒየም ታንክ ግን አላየሁትም፤ ልየው ብልም አይቻልም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ያደግን የአዲስ አበባ ልጆች ሰርባቶዮ የምንለው ይህ ዕቃ በመኪና ላይ ጎንበስ ብለው የሚያዩት ነገር ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ላይ ግን ፋብሪካው ታንኩን አስቀምጦ ዙሪያውን ፎም (በፈሳሽነት ገብቶ እያበጠ የሚጠነክር ስፖንጅ መሰል ነገር) ካፈሰሰበት በኋላ በላዩ ወለል ይዘጋበታል። ይህን የምጽፈው ያረጀ ጀልባ ገዝተው የቤንዚን ሽታ ላስጨነቃቸው ሰዎች ነው፤ እኔን አምስት ቅዳሜና እሁድ የፈጀብኝን ሥራ እነርሱ በሦስት ይጨርሱት ይሆናል።

ሽታው የጀመረው በጁላይ 2022 ነው። መጀመሪያ ላይ የሚሸተኝ ታንኩን ሞልቼ በወጣሁበት ቀን ብቻ ስለነበረ ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርደውን ወፍራም ጎማ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬው መሠረት ነበረው፤ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ነዳጁ እስከ አፉ ሲሞላም በስንጥቁ በኩል ያልበዋል። ጎማውን በአዲስ ቀየርኩ። ሽታው ለሁለት ሳምንት ያህል የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ታንኩ ግማሽ ሆኖም ይሸት ጀመር። አንድ እሁድ ጠዋት የጀልባዋን ግርጌ፣ ማለትም ከወለሉ በታች ውኃ የሚጠራቀምበትን ሆዷን ስከፍት በተጠራቀመው ውኃ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ተንጣሎ አየሁ፤ ነገሩ የጎማ አለመሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ያን ቀን የሠራሁት አንድ ትክክለኛ ነገር ቢኖር ግርጌውን ከመክፈቴ በፊት የባትሪውን ገመዶች ፈትቼ መገኘቴ ነው። በግርጌው ያለው የውኃ ፓምፕ ውኃው ከፍ ሲል በራሱ ይነሳል፤ ቢነሳ ኖሮ በተን መካከል ኤሌክትሪክ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን ቤንዚን የተቀላቀለበትን ውኃ ወደ ሰላጤው ይተፋው ነበር፤ ይህ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ፣ ከመኪና ሲንጠባጠብ ሜዳ ላይ ተበትኖ የሚጠፋው ነገር በጀልባ ሆድ ውስጥ እንደ ገንዳ ውኃ ይተኛል። ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህሉ የቤንዚን ተን ከሆነ ለመፈንዳት ይበቃዋል። ሽታ ያለባት ጀልባ «ዛሬን ብቻ» ተብላ መነሳት የሌለባት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ፈሪ ያደረገኝ የልጅነት ትዝታ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአጎቴ ጋራዥ እውል ነበር፤ እዚያ የነበሩት አንድ አዛውንት በያጅ ሰርባቶዮ ሲመጣላቸው ሁለት ቀን ሙሉ በኦሞና በሙቅ ውኃ ሳያጥቡት እሳት አያስጠጉበትም ነበር። «ጋሼ፣ ባዶ ከሆነ ምን ያስፈራዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የሞላው ይነዳል፤ የሚፈነዳው ባዶው ነው» አሉኝ። ነዳጅ ብቻውን አይፈነዳም፤ ተኑ ከአየር ጋር ተመጣጥኖ ሲቀላቀል ግን ይፈነዳል፤ ያ ድብልቅ ደግሞ የሚገኘው ባዶ በተባለው ታንክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያገለገለ የቤንዚን ታንክ ጓሮ ውስጥ ለመበየድ የሚያስብ ሰው ካለ ሐሳቡን ይተወው። ሥራው የሚሠራው ታንኩን በሚገባ አጥቦ፣ ውስጡን እሳት በማያቀጣጥል ጋዝ ሞልቶ፣ ልምዱ ባለው ባለሙያ እጅ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ነዳጁን ማውጣት ነበር። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ፈትቼ በእጅ ፓምፕ ስስበው በጠብታ ብቻ ይመጣልኝ ጀመር፤ ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው ታንኩ ላይ ባለው መውጫ ውስጥ ቱቦው ቢበጠስ ነዳጁ በራሱ ስቦ እንዳይፈስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ እንዳለ ያስታወስኩት። እርሱን ፈትቼ አንድ ቱቦ በቀጥታ ወደ ታንኩ ግርጌ ሳወርድ ነዳጁ ያለ ችግር ወጣ። ጀሪካኖቹን መሬት ላይ አስቀምጬ ነው የሞላኋቸው፤ በጀልባው ወለል ወይም በመኪና ሻንጣ ላይ ሆነው ሲሞሉ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል መውረጃ ስለማያገኝ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። መጨረሻ ላይ የወጣው አምስት ጋሎን ያህል ደፍርሶ ውኃ የተቀላቀለበት ስለነበረ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበልበት ቦታ ወሰድኩት። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ውኃው ሲበዛበትም ከቤንዚኑ ተለይቶ አብረው ወደ ታች ይወርዳሉ። የእኔ ታንክ ዋና ችግር ከውስጥ ባይሆንም ይህም የራሱን ድርሻ ሳያበረክት አልቀረም።

ከዚያ ወለሉ ይከፈታል። የእኔ ጀልባ ዕድለኛ ነበረች፤ ከታንኩ በላይ ያለው ወለል በብሎንና በማሸጊያ የተያዘ አንድ ትልቅ ክዳን በመሆኑ መቁረጥ አላስፈለገኝም። የመሪው ሣጥን ግን ግማሹ ክዳኑ ላይ ስለቆመ እርሱን ከነገመዶቹ መፍታት ነበረብኝ፤ ከእያንዳንዱ ገመድ ላይ ቁጥር የጻፍኩበት ቴፕ ለጥፌ ፎቶ ማንሳቴ በኋላ ብዙ ሰዓት አትርፎልኛል። ክዳን የሌላቸው ጀልባዎች ወለላቸው ይቆረጣል፤ ያን የሚያደርግ ሰው መጋዙን ከወለሉ ውፍረት በላይ እንዳይወርድ አድርጎ ማሰር፣ ከመቁረጡም በፊት የተን መለኪያ መሣሪያ በግርጌው አስገብቶ ማየት አለበት። እኔ ለሁለት ቀን ከውጭ፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ በረጅም ቱቦ አየር እየነፋሁበት ቆይቼ ነው ሥራ የጀመርኩት።

ፎሙን ማውጣት ከሁሉም የከፋው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ነገር የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ፎሙ ሲፈስ ውኃ የማይጠጣ ነበር፤ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ሲጨመቅ ውኃና ቤንዚን ይወጣው ነበር። ቤንዚን በጠጣ ነገር ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ መጠቀም ስላልፈለግሁ ረጅም የእጅ መጋዝና ጫፉ የተሳለ ጠፍጣፋ ብረት ይዤ፣ ጓንትና የተን ማጣሪያ ያለው ጭምብል አድርጌ፣ በታንኩ ዙሪያ እየቆረጥኩ በቁራጭ በቁራጭ አወጣሁት። ሁለት ቅዳሜና እሁድ የሄደው በዚህ ነው። ከታንኩ ሥር ያለው ፎም ግን በመጋዝ አይደረስበትም፤ ታንኩን እንደ ሙጫ ይዞታል። ሁለት ወዳጆቼ መጥተው በጀልባዋ ጎኖች ላይ ወፍራም አጣና አጋድመን፣ ከርሱ ላይ በሰንሰለት ማንሻ ታንኩን በአንድ ጫፍ ወጥረን ለምሳ ሄድን። ተመልሰን ስንመጣ በራሱ ተላቆ ተንጠልጥሎ አገኘነው። ቸኩለን በክሪክ ብንገፋው ኖሮ ፋይበር ግላሱን እንሰነጥቀው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታንኩ ሲገለበጥ ያየነው ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። ጎኖቹና የላይኛው ገጽ ከሞላ ጎደል ደህና ነበሩ። የታችኛው ገጽ ግን እርጥብ ፎም ታቅፎት በኖረበት ቦታ ሁሉ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ነበር፤ ዱቄቱ ሲጠረግ ከሥሩ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ላሜራ ታየ። ከሁሉ የባሰው ወደ ኋላ በኩል ያለው ጠርዝ ነው፤ ጀልባ ውኃ ላይም ሆነ ተጎታች ላይ ስትሆን ወደ ኋላ ስለምታዘነብል ውኃው የሚቆመው እዚያ ነው። ታንኩን ደጋግመን አጥበን ካደረቅነው ከቀናት በኋላ ማታ ጋራዥ ውስጥ መብራት አጥፍተን፣ ውኃ የማያስገባ የእጅ ባትሪ በመክፈቻው በኩል ብናበራ በጠርዙ ዙሪያ ሦስት ቦታ ብርሃን እንደ ኮከብ ፈነጠቀ።

አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። ቀይ ዝገት አያወጣም ማለት ከሆነ እውነት ነው፤ ይበላል ግን። ላሜራውን የሚጠብቀው አየር ሲነካው ወዲያውኑ በገጹ ላይ የሚፈጠር፣ ዓይን የማያየው የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ቢፋቅ እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይተካል። ጨዋማ ውኃ በፎሙና በላሜራው መካከል ሰርጎ ሲቀር ግን በዚያ ጠባብ ቦታ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ ሽፋኑ መታደስ ያቅተዋል፣ ጨውም ላሜራውን ነጥብ በነጥብ እየሰረሰረ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ገላቸው አሉሚኒየም የሆነ ጀልባዎች በጨው ውኃ ላይ ለዐሥርት ዓመታት ሲኖሩ ፎም የታቀፈ ታንክ የሚበሳው ለዚህ ነው። ታንኬን የገደለው ዕድሜው አይደለም፣ ጨዉም ብቻውን አይደለም፤ ገብቶ መውጫ ያጣ ውኃ ነው። በላይኛው ገጽ ላይም አንድ የናስ መገጣጠሚያ በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ታስሮ ነበር፤ ሁለት የተለያዩ ማዕድናት በጨው ውኃ ሲገናኙ ደካማው ስለሚበላ፣ በዙሪያው ያለው ላሜራ አብጦ ተልጦ ነበር።

ጠግኜው ልተወው የሚል ፈተና አልነበረብኝም አልልም። በኢፖክሲ (ሲደርቅ በጣም በሚጠነክር ሙጫ) እና በፋይበር ጨርቅ የሚለጠፉ የመጠገኛ ዕቃዎች በርካሽ ይሸጣሉ። ነገር ግን የታየው ቀዳዳ ሦስት ቢሆንም፣ ከውጭ በስለት ስጫናቸው የሚሰረጉዱ ጉድጓዶች ከሃያ በላይ ነበሩ፤ እያንዳንዱ የነገ ቀዳዳ ነው። የዚህ ታንክ ላሜራ ሲሠራ 0.090 ኢንች፣ ማለትም 2.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ከዚህ ላይ ግማሹ ከተበላ የሚበየድበትም የሚለጠፍበትም ጤነኛ ብረት አይቀርም። ጉዳቱ በላይኛው ገጽ በአንድ መገጣጠሚያ ዙሪያ ብቻ የሆነና ቀሪው ላሜራ ሙሉ ውፍረቱን የያዘ ታንክ በባለሙያ ቢበየድ አልቃወምም። ከታች ለተበላ ታንክ ግን ልጣፊ ማለት ወለሉን ዘግቶ ያንኑ ሥራ ለሌላ ዓመት ማስተላለፍ ነው፤ ድካሙ ያለው ታንኩን ማውጣቱ ላይ እንጂ አዲስ መግዛቱ ላይ አይደለምና።

አዲሱ ታንክ ፕላስቲክ ይሁን አሉሚኒየም በሚለው ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ፕላስቲኩ አይበላም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሚሸጠው በተወሰኑ ቅርጾች ብቻ ሲሆን፣ ቤንዚን ሲሞላበት በሁሉም አቅጣጫ 2 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ለእኔ ጉድጓድ የሚሆነው 45 ጋሎን ብቻ የሚይዝ ስለነበረ አሉሚኒየም መረጥኩ። የጀልባ ታንክ ለሚሠራ ወርክሾፕ ያዘዝኩት 5052 በተባለው ቅይጥ፣ በ0.125 ኢንች ወይም 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 60 ኢንች ርዝመት፣ 24 ኢንች ስፋትና 10 ኢንች ቁመት ያለው፣ ነዳጁ እንዳይናወጥ የሚከፋፍሉ የውስጥ ግድግዳዎች ያሉበት ታንክ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በላይኛው ገጽ ላይ መሆን አለባቸው፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ ለእንዲህ ያሉ የቤንዚን ታንኮች ከታች ወይም ከጎን መክፈቻ አይፈቅድም። ደንቡ የተጻፈው ሞተራቸው በውስጥ ላለ ጀልባዎች ቢሆንም ጥሩ ሠሪዎች ለሌሎቹም ይከተሉታል። ታንኩ ሲደርስ ሠሪው የፈተነበትን ግፊት የሚገልጽ ምልክት ተለጥፎበት መሆኑን አይቼ ነው የተረከብኩት።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። የታንኩን ገላ በጥንቃቄ ለካሁ፤ የመሙያው አፍ ወደ የት አቅጣጫ እንደሚዞር ግን አልጻፍኩም። አዲሱ ሲመጣ አፉ ወደ ፊት በመዞሩ ጎማው ወደ ታች ጎብጦ ተመልሶ የሚወጣ ሆነ፤ በጎባጣው ውስጥ ነዳጅ እየቆመ የማደያው ቧንቧ በየሁለት ጋሎኑ ቀጭ እያለ ይዘጋብኝ ነበር። የመሙያ ጎማ ከአፍ እስከ ታንክ ያለማቋረጥ መውረድ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ደግሞ ያለማቋረጥ መውጣት አለበት። ጎማውን በሌላ መንገድ ለማዞር ሌላ ሙሉ ቅዳሜ ሄደብኝ። የነዳጅ መጠን መለኪያውን ግን አሮጌውን ከመጣሌ በፊት በኦም (በኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ስለለካሁት አልተሳሳትኩም፤ የአሜሪካው ዓይነት ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ያሳያል፤ የአውሮፓው የተለየ ስለሆነ ሁለቱን መቀላቀል ባዶውን ታንክ ሙሉ ነው ያሰኛል።

ታንኩን ማስቀመጡ ላይ ሁለተኛ ዕድል አይገኝም። አዲስ ታንክ ገዝቶ እንደ አሮጌው ፎም የሚያፈስበት ሰው አሮጌውን በሽታ መልሶ ይተክላል። እኔ መጀመሪያ የታንኩን የውጭ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በአሴቶን ጠርጌ፣ ኦክሳይዱ ከመወፈሩ በፊት በዚያው ሰዓት የኢፖክሲ ፕራይመር ቀባሁት፤ ሲደርቅም ሁለት ድርብ የኢፖክሲ ቀለም ጨመርኩበት። አየር በደንብ ለሚያገኝ ታንክ ቀለም ግድ አይደለም የሚሉ ሠሪዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን የእኔ ጀልባ ከጸደይ እስከ መኸር ውኃ ላይ ነው የምትውለው። ከዚያ ከታች የሚያርፍባቸውን፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቆረጡ ሁለት ኢንች ስፋት ያላቸው አራት መደገፊያዎች ውኃ በማያስገባ የፖሊዩሬቴን ማስቲሽ በሙሉ ገጻቸው ታንኩ ላይ ለጠፍኳቸው። በመደገፊያውና በታንኩ መካከል ክፍተት ከቀረ ያችው ክፍተት ራሷ ውኃ መያዣ ስለምትሆን ማስቲሹ በሁለቱም ጠርዝ ሞልቶ እስኪወጣ መጫን ያስፈልጋል። ምንጣፍ፣ ጨርቅ፣ እንጨትና ውኃ የሚጠጣ ማንኛውም ነገር ታንክ ሥር መግባት የለበትም።

በጎኖቹ ግማሽ ኢንች አየር ትቼ፣ በፎም ፈንታ በጀልባዋ ርዝመት ከሚሄዱት የውስጥ አግዳሚዎች ጋር በተያዙ የአሉሚኒየም ማዕዘኖች አሰርኩት፤ ማዕዘኖቹ ታንኩን በቀጥታ እንዳይነኩ ፕላስቲክ ጣልቃ አስገባሁ። ሙሉ ሲሆን ነዳጁ ብቻውን ከ160 ኪሎ በላይ ስለሚመዝንና በማዕበል ላይ ስለሚዘል ማሰሪያው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚይዝ መሆን አለበት። ከጉድጓዱ ኋላ ፎም ዘግቶት የኖረውን የውኃ መውረጃ ከፍቼ የሚገባው ውኃ ሁሉ ወደ ግርጌው እንዲፈስ አደረግሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአንዳንድ ጀልባዎች ፎሙ ታንክ መያዣ ብቻ ሳይሆን የገላው ጥንካሬ አካል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከማውጣት በፊት ያንን ዓይነት ጀልባ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይገባል።

ቱቦዎቹን ሁሉ ኤ1-15 የሚል ጽሑፍ ባለባቸው፣ እሳትን በሚቋቋሙና ተን እምብዛም በማያሳልፉ ቀየርኩ፤ በመሙያው ጎማ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሼታ (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበት) አሰርኩ፤ የናሱን መገጣጠሚያ በማይዝግ ብረት ተካሁ። ከመሙያው አፍ ብረት ወደ ታንኩ፣ ከታንኩም ወደ ጀልባዋ የኤሌክትሪክ የጋራ መሬት (ግራውንድ) የሚሄደውን ገመድ በአዲስ አስሬ በመለኪያ ስፈትነው ከአንድ ኦም በታች ሆነ፤ ደንቡ የሚጠይቀው ከ100 በታች ነው። ይህች አረንጓዴ ገመድ ከንቱ ትመስላለች፤ ነዳጅ ሲሞላ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙል የምታወርደው ግን እርሷ ናት።

ክዳኑን ከመመለሴ በፊት ታንኩን ከነቱቦዎቹ በ3 ፒኤስአይ (በእያንዳንዱ ካሬ ኢንች ላይ 3 ፓውንድ) የአየር ግፊት ፈተንኩት፤ ለዚህ የብስክሌት ፓምፕና እስከ 5 ድረስ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ይበቃል። ኮምፕረሰር እንዳይነካው። ሦስት ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፤ ነገር ግን 60 በ24 ኢንች በሆነው የላይኛው ገጽ ላይ ብቻ ሁለት ቶን ያህል ግፊት ማለት ናት፤ ከዚያ ማለፍ ታንኩን እንደ ትራስ ይነፋዋል። ከሰዓት በኋላ ስጀምር መለኪያው 3 ነበረ፤ ምሽት ላይ 2.6 ሆኖ ሳገኘው ጉልበቴ ከዳኝ። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውኃ ብቀባ አንድም አረፋ የለም። በኋላ ነው አየሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱም አብሮ እንደሚወርድ የገባኝ፤ ሰባት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መቀነስ ብቻውን ያን ያህል ያወርዳል። ፈተናውን በማለዳ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያደረገ ሰው ከዚህ ጭንቀት ይድናል።

ክዳኑን የመለስኩት ነገ በሚላቀቅ ማሸጊያ ነው እንጂ ለዘለቄታ በሚያጣብቀው ማስቲሽ አይደለም፤ ከመገጣጠሚያዎቹ በላይም በእጅ የሚፈቱ ሁለት ክብ መስኮቶች ጨመርኩ። መጀመሪያ 10 ጋሎን ብቻ ሞልቼ አንድ ሌሊት አሳደርኩ፤ ቀጥሎ እስከ አፉ ሞልቼ ሌላ ሌሊት፤ በላይኛው ገጽ ያለ ልቅ መገጣጠሚያ የሚጋለጠው ታንኩ ሲሞላ ብቻ ነውና። ሁለቱንም ጠዋት በመስኮቶቹ አፍንጫዬን አስገብቼ አሽትቻለሁ፤ ባለቤቴም እንድታሸት ለምኛታለሁ፤ ከሳምንታት የቤንዚን ሥራ በኋላ የራስ አፍንጫ አይታመንምና።

ለታንኩ 1,350 ዶላር፣ ለቱቦ፣ ለማስቲሽ፣ ለቀለምና ለጥቃቅኑ ሁሉ 640 ዶላር ወጣብኝ፤ አንድ የጀልባ ጥገና ቤት ለዚሁ ሥራ 7,000 ዶላር ጠይቆኝ ነበር። ያላሰብኩበት የመጨረሻው ጣጣ አሮጌው ታንክ ነው። ብረታ ብረት የሚገዙ ሰዎች ነዳጅ የያዘ የተዘጋ ዕቃ አንቀበልም ብለው መለሱኝ። ውኃ ሞልቼበት፣ ላዩን በእጅ መጋዝ ከፍቼ፣ ውኃውን አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ አድርሼ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የተከፈተውን ላሜራ ይዤ ስሄድ 14 ዶላር ሰጡኝ።